የፕላጉን አፍ አሳየኝ በለው

የዚህን ወር ጥያቄዎች ቁጭ ብዬ ሳነብ አምስቱ ስለ አሮጌ ጆይስቲክ ሆነው አገኘኋቸው፣ ሰው ልጅነቱን በኢንተርኔት መልሶ እየገዛ ነው መሰለኝ። የስልክ ባትሪና የዋይፋይ ጥያቄ የላካችሁ ለሚቀጥለው ዕትም ታገሱኝ፣ ዛሬ የአሮጌ ጌም ቀን ነው።

ጥያቄ፦ «ሰላም ጠጋኙ። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ ልጅ ሆኜ አሜሪካ ስንመጣ መጀመሪያ የተጫወትኩበትን ጌም ለልጄ ላሳየው ብዬ ሱፐር ኒንቴንዶ ገዛሁ። ማሽኑ ደህና ነው። ለብቻ ካዘዝኳቸው ሁለት ያገለገሉ ጆይስቲኮች ግን አንዱ አበሳዬን አሳየኝ። ሻጩ ‹ተሞክሯል፣ ይሰራል› ብሎ ነው የጻፈው፣ መስራቱንማ ይሰራል፣ ግን ገመዱን ፕላጉ ጋ ወደ ግራ አጥፌ ከያዝኩት ብቻ ነው፣ ስለቀው ማሪዮ ገደል ይገባል። አሁን እኔ ስጫወት ልጄ ገመድ ያዥ ሆኗል። ለሁለቱ 38 ዶላር ከፍያለሁ፣ ልመልሰው ወይስ ላሰራው?» ቤዛ፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ ቤዛ እህቴ፣ መጀመሪያ ልጁን ከገመድ ያዥነት አሳርፊው። የነገርሽኝ ነገር ብዙ ምርመራም አይፈልግ፣ ሽቦው ፕላጉ አንገት ላይ ውስጥ ለውስጥ ተበጥሷል። ከላይ ያለው ጎማ ስላልተቀደደ በፎቶ ሲታይ ሙሽራ ነው የሚመስለው፣ ውስጡ ያለችው ቀጭን መዳብ ግን ጫፍና ጫፏ ስታጥፊው ይነካካል፣ ስትለቂው ይለያያል። ይሄ ማሽን ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1990፣ አሜሪካ ደግሞ በ1991 ነው የወጣው፣ እና ከዚያ ወዲህ ስንቱ ልጅ ፕላጉን መያዝ ትቶ ገመዱን ጎትቶ እየነቀለው እንደኖረ አስቢው፣ እስካሁን መቆየቱም ይገርማል።

ሻጩ ዋሸ ለማለት አልቸኩልም። ሰክቶት፣ ስታርት ተጭኖ፣ ጌሙ ሲከፈት «ይሰራል» ብሎ ነቅሎ አሽጎት ይሆናል፣ የአስር ሰከንድ ሙከራ ደግሞ ይሄን ብልሽት አያወጣውም። የሚያወጣው እንዲህ ስታደርጊ ነው፦ ማሪዮን ወደ ቀኝ ማስኬድ ጀምሪ፣ ቀኝ ቁልፉን ሳትለቂ በሌላው እጅሽ (እዚህ ላይ ልጁ ለመጨረሻ ጊዜ ይርዳሽ) ገመዱን ከፕላጉ ጀምሮ ጣት በጣት ቀስ እያደረጋችሁ እጠፉት፣ እስከ ጆይስቲኩ ድረስ ሂዱ። ማሪዮ ቀጥ ያለበት ቦታ ላይ ነው የተበጠሰው። ብዙ ጊዜ ከፕላጉ በጣት ስፋት ርቀት ላይ ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ በሌላኛው ጫፍ ገመዱ ወደ ጆይስቲኩ ሲገባ።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ሌላውም ቢያነበው ይጠቅመዋል። ይሄ ጆይስቲክ 12 ቁልፍ አለው፣ ገመዱ ውስጥ ያሉት ሽቦዎች ግን 5 ብቻ ናቸው። አንዱ 5 ቮልት ያመጣል፣ አንዱ ግራውንድ (የኤሌክትሪኩ መመለሻ) ነው፣ በቀሩት ሦስቱ ማሽኑና ጆይስቲኩ ያወራሉ፣ ማሽኑ በሁለቱ «ንገረኝ፣ ቀጥል፣ ቀጥል» እያለ ይጠይቃል፣ ጆይስቲኩ ውስጥ ያለው ቺፕ በሦስተኛዋ ሽቦ እያንዳንዱን ቁልፍ በተራ «ተጭኗል፣ አልተጫነም» እያለ ይመልሳል። እንግዲህ ሁሉም ወሬ በአንድ ሽቦ ካለፈ፣ ያቺ ሽቦ ስትበጠስ አንድ ቁልፍ ብቻ ሊሞት አይችልም፣ ሁሉም ነው ባንዴ ድርግም የሚለው። ለዚህ ነው አንድ ሰው «ቢ ቁልፉ ብቻ እምቢ አለኝ» ሲለኝ ገመዱን ዞር ብዬ የማላየው፣ እሱ ከቁልፉ ስር ያለ ጎማ ነው ወይም የኮካ ቅሪት ነው፣ ከፍቶ በአልኮል መጥረግ ነው። ሁሉም አንድ ላይ ከሞተ ግን ወደ ገመዱና ወደ ፕላጉ።

አሁን ወደ ገንዘብሽ። መልሺው ነው የምልሽ፣ ግን አንድም ብሎን ሳትፈቺ። አንዴ ከከፈትሽው ሻጩ «አንቺ ነሽ ያበላሸሽው» ይልሻል፣ እኔም ሻጭ ብሆን እላለሁ። ያንን የማጠፍ ሙከራ በስልክሽ ቅረጪ፣ ገመዱ ሲለቀቅ ማሪዮ ሲቆም በግልጽ ይታይ፣ መልእክቱንም በገበያው በራሱ በኩል ላኪ እንጂ በቴሌግራም ምናምን አትሂጂ። ኢቤይ ላይ ለምሳሌ ዕቃው እንደተጻፈው ካልሆነ ከደረሰሽ ቀን ጀምሮ 30 ቀን አለሽ፣ ሻጩ «መመለስ የለም» ብሎ ቢጽፍም እንኳ። «ለመለዋወጫ፣ አይሰራም» ተብሎ ከተሸጠ ነው እንግዲህ አፍ የሚያዘጋሽ።

አይ ላሰራው ካልሽ ደግሞ ሙሉ ገመድ ከነፕላጉ ለብቻው ይሸጣል፣ ርካሽ ነው። ችግሩ የሽቦዎቹ ቀለም ከኦርጅናሉ ጋር አይገጥምም፣ ቀይ ለቀይ ቢጫ ለቢጫ ብሎ የበየደ ሰው ስንቱን አቃጥሏል መሰለሽ። ጠጋኙ ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ይዞ ከፕላጉ ቀዳዳ እስከ ሽቦው ጫፍ አንድ በአንድ እየጮኸለት ይለይ። ፕላጉ 7 ቀዳዳ አለው፣ 4 እና 3 ሆኖ በመሃል ክፍተት አለው፣ አፉን ስታይው ከሦስቱ ወገን ሁለቱ ውስጣቸው ብረት የለም። እሱ ጉድለት አይደለም፣ ፋብሪካው ነው እንደዛ የሰራው፣ አንድ ሰው «ፒኖቹ ወልቀዋል» ብሎ ሊከስ ሲል ነው ያስቆምኩት።

ጥያቄ፦ «እንዴት ነህ ጠጋኙ። ከጉለሌ ነኝ። ድሮ አባቴ የገዛልን ባለ ካሴቱ ቲቪ ጌም አለ፣ ኮንትራና ማሪዮ ያለበት፣ ማሽኑ አሁንም ይሰራል ጆይስቲኮቹ ግን አልቀዋል። አሜሪካ ላለው የአክስቴ ልጅ የፕላጉን ፎቶ ላክሁለት፣ እሱም ባለ 9 ቀዳዳ ፕላግ ያለው የሴጋ ጆይስቲክ ኢንተርኔት ላይ ገዝቶ ሰው ሲመጣ ላከልኝ። ልክክ ብሎ ገባ። ግን ምንም የለም! አንዴ ብቻ ጌሙ ራሱን አጥፍቶ በራ። የአክስቴ ልጅ ‹ማሽንህ ነው የሞተው› ይላል፣ እኔ ደግሞ ፕላጉ ተበላሽቶ ነው እላለሁ። ማናችን ነን ልክ?» ዮ.

መልስ፦ ሁለታችሁም አይደላችሁም ወንድሜ፣ እና እባክህ ይሄን ሳታነብ ደግመህ እንዳትሰካው። መግባትና መግባባት ይለያያል።

ያ ባለ 9 ቀዳዳ ፕላግ የማንም አይደለም። አታሪ እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው የጌም ማሽኑ ላይ ተጠቀመበት፣ ኮሞዶር 64 የሚባለው የድሮ ኮምፒውተርም ላይ አለ፣ ሴጋ ሜጋ ድራይቭ በ1988 ሲወጣም እሱኑ ያዘ፣ ርካሽ ነው የትም ይገኛል። ያንተ ቲቪ ጌም ደግሞ ኒንቴንዶ በ1983 ጃፓን ያወጣው የፋሚኮም ቅጂ ነው፣ የሰሩት ሰዎች ውስጡን ከኒንቴንዶ ወሰዱ፣ ፕላጉን ግን ገበያ ላይ ካገኙት ገጠሙ። ስለዚህ አፉ ሴጋ ይመስላል፣ ሆዱ ኒንቴንዶ ነው። አንዳንዱ ቲቪ ጌም ደግሞ ባለ 15 ቀዳዳ ነው፣ እሱ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ አይገባም ነበር፣ ትተርፍ ነበር።

የሴጋው ጆይስቲክ ቅድም ለቤዛ እንደነገርኳት አይነት በተራ አያወራም። ለየአቅጣጫው የራሱ ሽቦ አለው፣ 1 ላይ፣ 2 ታች፣ 3 ግራ፣ 4 ቀኝ፣ 5ኛው ቀዳዳ 5 ቮልት የሚገባበት ነው፣ 8ኛው ግራውንድ። 6ኛው ኤ እና ቢን፣ 9ኛው ሲ እና ስታርትን ይዘዋል፣ 7ኛው ደግሞ «አሁን የትኛውን ነው የምትነግረኝ» የሚል መቀያየሪያ ነው። ያንተ ማሽን ኤሌክትሪኩን የሚልከው በሌላ ቀዳዳ ነው፣ ስለዚህ 5 ቮልቱ ቁልፍ ማስተላለፍ ያለበት ሽቦ ላይ ይወርዳል፣ አንተ ቁልፍ ስትጫን ደግሞ ግራውንድ ጋ ሊገናኝ ይችላል። «ራሱን አጥፍቶ በራ» ያልከው ሾርት አድርጎ ነው ብዬ ነው የምገምተው። ደግነቱ ማሽንህ አሁንም ከተነሳ ተርፏል ማለት ነው።

ጆይስቲኩን አትጣለው። ሴጋ ላለው ሰው ሽጠው፣ እሱ ማሽን ላይ ስትሞክረው ኤ እና ቢ አንድ ላይ ከሞቱ 6ኛውን ቀዳዳ እይ፣ ስታርትና ሲ አንድ ላይ ከሞቱ 9ኛውን፣ ወደ ላይ ብቻ እምቢ ካለ 1ኛውን (ወይም ጎማውን)። በዚህ በኩል ሴጋ ደግ ነው፣ የትኛው ሽቦ እንደታመመ ራሱ ይናገራል።

ለቲቪ ጌምህ ስትፈልግ ግን ሻጩን «ፕላጉ ስንት ቀዳዳ ነው» ብለህ አትቁም፣ «ከምን ማሽን ላይ ነው የነቀልከው» በለው። እዚሁ ከተማ የተበላሸ ቲቪ ጌም ከነጆይስቲኩ ቤቱ የጣለ ሰው አይጠፋም፣ ከአሜሪካ ከማስመጣት እሱ ይቀልሃል። እሱንም ቢሆን በቴስተር የ5 ቮልቱ ቀዳዳ ካንተ ማሽን ጋር አንድ መሆኑን ሳታይ አትሰካ፣ ቅጂዎቹ እርስ በርሳቸውም አይስማሙም።

ጥያቄ፦ «ፍራንክፈርት ነኝ። እዚሁ አውሮፓ የተሸጠ ሱፐር ኒንቴንዶ አለኝ፣ ጆይስቲክ ግን ከጃፓን ሻጭ በጣም ንጹህ የሆነ በግማሽ ዋጋ አግኝቼ አዘዝኩ። መልኩ አንድ፣ ፕላጉ አንድ፣ ባለ አራት ቀለም ቁልፎቹ እንኳ አንድ ናቸው። አይሰራም። በቴስተር ለካሁት፣ አምስቱም ሽቦ ደህና ነው። ሻጩ ‹እኔ ጋ ይሰራል› ብሎ ቪዲዮ ላከልኝ፣ እውነቱን ነው ይሰራል። ምን ጉድ ነው?» ናሆም

መልስ፦ ናሆም፣ በቴስተር ለክተህ መምጣትህን ወድጄዋለሁ፣ ግማሹን መንገድ ሄደህልኛል። ሻጩ ንጹህ ሰው ነው፣ አንተም ልክ ነህ። ኒንቴንዶ ለአውሮፓ የሰራቸው አብዛኞቹ ማሽኖች ጆይስቲኩ በሚሰካበት መስመር ላይ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን ባንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) አላቸው፣ የአውሮፓው ጆይስቲክ ውስጥ ደግሞ ለዚያ የሚሆን ሬዚስተር (ኤሌክትሪክን የሚገድብ ዕቃ) ተጨምሯል። የጃፓኑና የአሜሪካው ጆይስቲክ ውስጥ ያ ሬዚስተር የለም፣ ስለዚህ ከአውሮፓ ማሽን ጋር አይደማመጡም። ተገላቢጦሹ ግን ይሰራል፣ ያንተን የአውሮፓ ጆይስቲክ ወስደህ ጃፓን ማሽን ላይ ብትሰካው ያለ ችግር ይሰራል። ተንኮል ይሁን ጥንቃቄ እነሱ ያውቃሉ፣ እኔ ግን ስንት ሰው በዚህ ምክንያት ደህና ፕላግ ቆርጦ እንደጣለ ሳስብ ይከፋኛል።

በመልክ አትለየውም፣ የአሜሪካው ብቻ ነው በሐምራዊ ቁልፎቹ ከሩቅ የሚታወቀው። ጀርባውን አዙረህ ቁጥሩን አንብብ። የጃፓኑ በኤስ ኤች ቪ ሲ ይጀምራል፣ የአውሮፓው በኤስ ኤን ኤስ ፒ፣ የአሜሪካው ፒ የለውም፣ ኤስ ኤን ኤስ ብቻ ነው፣ ከኋላቸው 005 አለ። ሻጭ የጀርባ ፎቶ ካላስቀመጠ ጠይቀው፣ ሰው ሁሉ ፊቱን ብቻ ነው የሚያነሳው።

ያለህን ለማሰራት ከፈለግክ ጆይስቲኩ ውስጥ ሬዚስተሩን የሚጨምር ወይም ማሽኑ ላይ ያሉትን ዳዮዶች በሽቦ የሚያልፍ ጠጋኝ ፈልግ፣ ከባድ ሥራ አይደለም፣ ግን ካውያ ይዘህ የማታውቅ ከሆነ በዚህ አትጀምር። እኔ ብሆን ጃፓኑን መልሼ ሸጬ እዚያው አውሮፓ የተሸጠ እገዛለሁ። ከጃፓን ስትገዛ ደግሞ ሌላም ልብ በል፣ እዚያ «ጃንክ» ተብሎ የተጻፈበት ዕቃ አልተሞከረም፣ ኃላፊነት የለብንም ማለት ነው፣ አንዳንዴ ወርቅ ይወጣዋል አንዳንዴ ፕላጉ ውስጥ አረንጓዴ ዝገት።

ጥያቄ፦ «ለጠጋኙ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከሐዋሳ ነው የምጽፍልህ፣ ድሮ ፕሌይስቴሽን ቤት ነበረኝ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ዱባይ ያለችው ልጄ የድሮውን አንደኛውን ፕሌይስቴሽን ከሁለት ጆይስቲክ ጋር ኢንተርኔት ላይ ገዝታ ላከችልኝ። ሁለቱም ‹ኦርጅናል ዱዋል ሾክ› ናቸው ተብሏል። አንዱ ሁሉ ነገሩ ደህና ነው። ሁለተኛው ቁልፉ ሁሉ ይሰራል፣ መንቀጥቀጡ ግን የለም። ፕላጉም ሲገባ ላላ ይላል። ፎርጅድ ነው ወይስ ተበላሽቶ?» መ. ገ.

መልስ፦ ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ለኔ ሊያስተምሩኝ የሚገባ ሰው ነዎት፣ ስንቱን ጆይስቲክ በእጅዎ አሳልፈዋል። ግን ከጠየቁኝ ልመልስ።

መጀመሪያ ቀላሉን ይዩልኝ፣ ጌሙ ኦፕሽን ውስጥ ቫይብሬሽን በርቷል? አናሎግ የምትለዋ መብራትስ ቀይ ናት? በደህናው ጆይስቲክ በዚያው ጌም ከተንቀጠቀጠ ይሄን ይለፉት።

ከዚያ ወደ ፕላጉ። የፕሌይስቴሽኑ ፕላግ 9 ቦታ አለው፣ ሦስት ሦስት ሆኖ የተከፈለ። ጆይስቲኩ የሚያስብበት ኤሌክትሪክ 3.6 ቮልት አካባቢ ነው፣ ሞተሮቹ ግን በሱ አይዞሩም፣ ለነሱ ብቻ ተብሎ 7.6 ቮልት አካባቢ በሌላ ፒን ይመጣል፣ በመጀመሪያው ሦስት ውስጥ ሦስተኛው ነው። ስለዚህ ያቺ አንዷ ብቻ ከላላች ወይም ከዛገች ልክ እርስዎ እንዳሉት ይሆናል፣ ቁልፉ ሁሉ ደህና፣ መንቀጥቀጥ የለም። እ.ኤ.አ. በ1994 ከማሽኑ ጋር የወጣው የመጀመሪያው ጆይስቲክ ሞተር አልነበረውም፣ ባለ ሞተሩ ዱዋል ሾክ በ1997 ነው የመጣው፣ እና ገመድ የተቀየረለት ዕቃ ከሆነ ያቺን ሽቦ ረስተው ወይም ሆነ ብለው ሳያገናኙ የቀሩ ይኖራሉ።

ማሽኑን ያጥፉና ፕላጉን ከመብራት ስር አፉን ወደ እርስዎ አዙረው ይዩት። እያንዳንዱ ቀዳዳ ውስጥ ያለችው ብረት እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለባት። አንዷ ወደ ውስጥ ገባ ብላ ከሆነ ስትሰካ ተገፍታ ነው፣ ከኋላ ካልተያዘች ሁሌም ትሸሻለች። አፏ ተከፍቶ ከሆነ ደግሞ በስፌት መርፌ ጫፍ ከጎን ቀስ አድርገው ጠበብ ያድርጓት፣ ቀስ ነው ያልኩት፣ ከተሰበረች ማብቂያዋ ነው። ዝገት ካለ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ቀጠን አድርገው በአልኮል ነክረው ይጥረጉ፣ እስኪደርቅ ይጠብቁ። የመኪና ዘይትና ያ ለበር ማጠፊያ የሚነፋው ስፕሬይ አይሆንም፣ አቧራ ይሰበስባል።

መላላቱ ነው ግን ጥርጣሬዬን ያነሳው። የኦርጅናሉ ፕላግ እንዴት እንደሚገባ እጅዎ ያውቀዋል፣ ጠበቅ ብሎ ነው ጥርቅ የሚለው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጡና የፕላጉን ጠርዝ፣ የጽሑፉን ጥራት፣ ክብደታቸውን ያወዳድሩ። ፎርጅዱ ቀለል ይላል፣ ሞተሩ ትንሽ ወይም ጭራሽ የሌለ ነው። ቀስ አድርገው ያወዛውዙት፣ ክብደት ከሁለቱም እጀታ ካልተሰማዎት ፕላጉን መጥረግ ትተው ልጅዎን «ሻጩን ያዢው» ይበሏት።

ጥያቄ፦ «ባጭሩ፣ ከጃፓን የፋሚኮም ጆይስቲክ ሁለት አዘዝኩ፣ ሁለቱም ፕላግ የላቸውም፣ ገመዱን ቆርጠው ነው የላኩልኝ። አንዱ ላይ ስታርትና ሴሌክት እንኳ የለም። ተበላሁ?» ኪ.

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። ከመጀመሪያው ፋሚኮም ጋር የመጡት ጆይስቲኮች እንደ ሌሎቹ ፊት ለፊት የሚሰኩ አልነበሩም፣ ሁለቱም ከማሽኑ ጀርባ ወጥተው እዚያው የታሰሩ ናቸው፣ ገመዱ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ገብቶ ነው ቦርዱ ላይ የሚያያዘው። ሁለተኛው ተጫዋች ስታርትና ሴሌክት የለውም፣ በምትኩ ማይክሮፎን ነው ያለው፣ ድምጽ መጨመሪያዋን ፈልጋት ታገኛታለህ። ስለዚህ አሁን የገመዶቹን ጫፍ እይ፣ ጥፍር የምታክል ነጭ ሶኬት ካለች ዕቃህ ሙሉ ነው፣ ማሽኑን ፈትተህ ውስጥ ትገጥማታለህ፣ በመቀስ የተቆረጠ ባዶ ሽቦ ከሆነ ግን አዎ፣ ተበልተሃል።